ሆደ ሰፊው፤ ስለ አንድ ትንሽ የጃፓን እንጨት ቅርጽ የተሰጠ አስተያየት

ቡልጋሪያ በሚባለው ሰፈራችን የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው ሰማንያን ያለፈ አንዲት እናት በዐቢይ ጾም ሰሞን ልከውብኝ ወደ ቤታቸው ሄድሁ። የተዝካር ወይም የንስሓ ጉዳይ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ነገር ግን ያስጠሩኝ በሁለት ሰዎች መካከል ዳኛ እንድሆን ነው። ክርክሩም ስለ ቤት ወይም ስለ ርስት አልነበረም፤ በመሐረብ ተቋጥሮ ስለ ተቀመጠ፣ በመዳፍ ውስጥ ስለሚጠፋ አንድ የእንጨት ምስል ነበረ።

እኒህ እናት ዕድሜያቸውን ያሳለፉት በካዛንችስ ነው። በ2017 ዓ.ም. የካዛንችስ ቤቶች ሲፈርሱ ልጃቸው ወዳለችበት ወደ ቡልጋሪያ መጡ። ሰው ቤቱን ሲለቅ ሣጥኑ ሁሉ ይከፈታልና፣ ካረፉት ባለቤታቸው ሣጥን ከሜዳልያዎቹና ከፎቶግራፎቹ ጋራ ይህ ምስል ወጣ። ባለቤታቸው በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ ከዘመተው ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች አንዱ ነበሩ። በዚያ ጦርነት የተሰለፉ ወታደሮች ለዕረፍት ወደ ጃፓን ይላኩ ነበርና፣ ምስሉን የገዙት በዚያ የፈቃድ ጊዜ ነው። አሁን አንድ ቤተሰቡን የሚያውቅ ሰባኪ ምስሉን አይቶ፣ «ይህ የጃፓን የዕድል አምላክ ነው፤ ጣዖት ስለ ሆነ ይቃጠል» ብሏል። የልጅ ልጃቸው ደግሞ፣ «አንቲክ ነው፤ በውጭ አገር ብዙ ገንዘብ ያወጣልና ይሸጥ» ይላል። አንዱ ለእሳት፣ አንዱ ለገበያ ፈርዶበታል።

«የኔታ፣ እርስዎ ይዩትና የሚሉትን ይበሉ። ባለቤቴ ሆደ ሰፊው ይሉት ነበር» ብለው መሐረቡን ፈቱልኝ።

ቁመቱ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም። ራሱ የተላጨ፣ ጆሮው ወደ ትከሻው የወረደ፣ ሆዱ ከልብሱ አምልጦ የወጣ ሽማግሌ ትልቅ ከረጢት ተደግፎ ተቀምጧል፤ አፉን ከፍቶም ይስቃል። በአንድ እጁ ማራገቢያ ይዟል። ከከረጢቱ አፍ ደግሞ የአንድ ሕፃን ራስ ብቅ ብሏል። እውነቱን ለመናገር፣ ባየሁት ጊዜ ከሰባኪው ጋራ ለመስማማት አፌን ከፍቼ ነበር። የከለከለኝ ከረጢቱ ነው። ይህን ከረጢት አውቀዋለሁ፤ በልጅነቴ በጎጃም ከቤት ወደ ቤት ስዞር በትከሻዬ አንጠልጥዬው ነበር፤ እኛ አኮፋዳ እንለዋለን።

ስለ ዳኝነቱ ከመናገሬ በፊት ዕቃው ምን እንደ ሆነ ለአንባቢ መግለጽ ይገባኛል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ወደ ጃፓን ሄደው ሲመለሱ ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን የተባለውን መጽሐፍ በ1924 ዓ.ም. ካሳተሙ ወዲህ የዚያ አገር ስም ለእኛ እንግዳ አይደለም። የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥታችንም የጃፓኖችን ምሳሌ ይዞ እንደ ተረቀቀ የተማረ ሰው ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ያን ጊዜ ከጃፓን የተመኘነው መርከቡንና ፋብሪካውን፣ ሕጉንና መድፉን ነበር። በመቀነታቸው ላይ የሚሰኩትን ልብ ብሎ ያየ ጥቂት ነው።

ጃፓኖች ይህን ዓይነት ሥራ ኔትሱኬ ይሉታል፤ ስሙም «ሥር» እና «ማያያዝ» ከሚሉ ሁለት ቃላት የተሰናዳ ነው። የቀድሞው ልብሳቸው ኪሞኖ ኪስ የለውም። የእኛም የቀድሞ ልብስ እንዲሁ ነበረ፤ እናቶቻችን ገንዘባቸውን በመቀነታቸው ጫፍ ይቋጥሩ ነበር፤ ዛሬም የሚቋጥሩ አሉ። ጃፓኖችም ኦቢ የሚባል መቀነት አላቸው። እነርሱ ግን በቋጠሮ ፈንታ ሌላ ብልሃት አገኙ። የትምባሆውን ከረጢት፣ የገንዘቡን ቦርሳ፣ ወይም ኢንሮ የተባለውን ተደራራቢ የመድኃኒት ሣጥን በገመድ ያስሩታል፤ ገመዱን በመቀነቱ ውስጥ ወደ ላይ ያሳልፉታል፤ በገመዱም ጫፍ ኔትሱኬውን ያያይዙበታል። ኔትሱኬው ከመቀነቱ በላይ ይቀመጥና የተንጠለጠለው ዕቃ ተንሸራትቶ እንዳይወድቅ ይይዛል። ገመዱን የምታጠብቅ አንዲት ዶቃም በመካከል አለች። እንግዲህ ነገሩ በመጀመሪያ ከቁልፍ ወይም ከካስማ የማይሻል ተራ መሣሪያ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1603 እስከ 1868 በቆየው በኤዶ ዘመን ግን እየተዋበ ሄደ። በዚያ ዘመን ነጋዴው ሀብት ቢኖረውም እንደ መኳንንት እንዳይለብስ ሕግ ይከለክለው ስለ ነበረ፣ ኩራቱን ሁሉ በዚህች በአውራ ጣት በምታህል እንጨት ላይ አኖረው። በ1781 ኢናባ ጹሪው የተባለ የኦሳካ ሰው ባሳተመው መጽሐፍ ከ50 የሚበልጡ የኔትሱኬ ጠራቢዎችን ስም መዝግቧል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ቀናሁ። እኛ በእንጨት ገበታ ላይ የተሣሉ ስንትና ስንት ሥዕለ አድኅኖ አሉን፤ ነገር ግን በ15ኛው መቶ ዓመት እንደ ነበረው እንደ ፍሬ ጽዮን ስሙን በሥራው ላይ ጽፎ የተወልን ከጣት የሚቆጠር ነው።

አሁን ወደ ሽማግሌው እንመለስ። ጃፓኖች የዕድል አማልክት የሚሏቸው ሰባት ናቸው፤ በአዲስ ዓመት በአንዲት የሀብት መርከብ ተሳፍረው ይመጣሉ ይባላል። ከሰባቱ ውስጥ የአገሩ ተወላጅ የሚባለው ኤቢሱ ብቻ ነው፤ እርሱም ዓሣና መቃጥን ይዞ ይሣላል። ዳይኮኩ፣ ቢሻሞንና ከመካከላቸው ብቸኛዋ ሴት ቤንዛይተን ሥራቸው ከህንድ ነው። የቀሩት ሦስቱ ከቻይና የመጡ ናቸው፤ የእኛ ባለ ከረጢትም ከእነርሱ አንዱ ሲሆን ስሙ ሆቴይ ይባላል። ሆቴይ ማለት የጨርቅ ከረጢት ማለት ነው። ደግሞም ከስድስቱ የሚለየው አንድ ነገር አለ፤ በ10ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በቻይና ያረፈ፣ ከመንደር ወደ መንደር እየለመነ ያገኘውን በከረጢቱ የሚያኖር፣ ልጆች የሚከተሉት አንድ መነኩሴ እንደ ነበረ ይነገርለታል። የአገሩ ሰዎች ከሞተ በኋላ ወደፊት ይመጣል የሚሉት ቡድሃ በእርሱ ተገልጦ ነበር አሉ፤ ጃፓኖችም ተቀብለው ከዕድል አማልክት ቆጠሩት። እንግዲህ ሰባኪው አምላክ ያለው፣ በመጀመሪያ አኮፋዳውን የተሸከመ ለማኝ ነበረ።

የእኛ መናንያን በሥዕል ሲታዩ ጎናቸው የተጣበቀ፣ ዓይናቸው የጎደጎደ ነው፤ የጾም ሰዎች ናቸውና። ይህ ግን ወፍሯል፤ ይስቃልም። ለማኝ እንዴት ይወፍራል? እንዲህ ያለ ጥያቄ ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ሲያጋጥመው ከሰሙ በታች ወርቅ አለ ብሎ ይጠረጥራል፤ ነገሩን ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ጣዖቱ ነገር ሰባኪውን በከንቱ አልወቅሰውም፤ ሥራው መጠበቅ ነውና። ነገር ግን በእስራኤል ታሪክ ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የሠራውን የናስ እባብ ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰበረው። የሰበረው እባብ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሕዝቡ ያጥንለት ስለ ጀመረ ነው። በተቀደሰ ትእዛዝ የተሠራው በዕጣን ምክንያት ጣዖት ከሆነ፣ የጣዖት መልክ ያለውም ዕጣን ካልታጠነለት እንጨት ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ከመላጥያ ወደ ሮም ሲሻገር የተሳፈረባት የእስክንድርያ መርከብ የሁለቱን የግሪክ መንታ ጣዖታት ምልክት የያዘች ነበረች፤ ሐዋርያው በዚህ ምክንያት ከመሳፈር አልቀረም። በአገራችንም በየሐ ለአልመቃህ የተሠራው ታላቅ መቅደስ አልፈረሰም፤ ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛሬም በአጠገቡ በቆመችው በአባ አፍጼ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ላይ በጥንቱ እምነት ዘመን የተቀረጹ የዋልያ ምስሎች ተተክለው ይታያሉ።

ስለዚህ እማማን፣ «በዚህ ቤት ለዚህ ነገር ዕጣን ያጤሰለት አለን?» ብዬ ጠየቅሁ። «ዕጣንስ ለእመቤታችን ነው፤ ይህ የልጆቼ መጫወቻ ነበር» አሉኝ። የልጅ ልጃቸው ግን አንገቱን ደፋ። ሆዱን ያሸው ሰው ዕድል ይቀናዋል የሚል ነገር አንብቦ፣ ሎተሪ በቆረጠ ቁጥር ሲያሸው ኖሯል። «ስንት ጊዜ ደረሰህ?» አልሁት። አንድም ጊዜ እንዳልደረሰው ተናገረ። እንግዲህ በዚያ ቤት ጥቂት ጣዖት ካለ በእንጨቱ ውስጥ ሳይሆን በሎተሪው ውስጥ ነው፤ ስለዚያም ለብቻው ነገርሁት።

ለእሳት የማልቸኩልበት ሌላ ምክንያትም አለኝ። በቆሎ ተማሪነቴ ዘመን በአንድ መንደር የባዕድ አምልኮ ጨሌ ተሰብስቦ ሲቃጠል ከጣሉት አንዱ እኔ ነበርሁ። ከዶቃዎቹ ጋራ በአንድ ክር የተሰካ፣ በጢስ የጠቆረ ትንሽ እንጨት ነበረ፤ ምን እንደ ሆነ ሳላይ ወረወርሁት። ሙቀቱ ሲያገኘው እንደ መጽሐፍ ተከፈተ። የአንገት ሥዕል ኖሯል፤ በአንዱ ገጽ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ፣ በሌላው ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረሱ። ቀለሙ እስኪፈላ ድረስ አየሁት። እጄን ልሰድ ብል ወላፈኑ መለሰኝ። ሠዓሊው ማን እንደ ነበረ የሚያውቅ የለም፤ እንዲህ ያለ ነገር በእሳት ያለፈ መሆኑንም በዚያ ቀን ከእኔ በቀር ያየ አይመስለኝም።

ጣዖትነቱ ከተፈታ በኋላ ገና የሥራው ፍርድ ቀረ። ይህን የምፈርደው በተማርሁት በቅኔ መለኪያ ነው፤ ሌላ መለኪያ የለኝምና። ያልተማረ ሰው ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ስለ ሆነ ቀላል ይመስለዋል። ከመወድስ ይልቅ የሚያስጨንቀው ግን እርሱ ነው፤ ጥፋት የሚደበቅበት ቦታ የለውም። ኔትሱኬም እንዲሁ ነው። በመዳፍ ውስጥ መግባት አለበት። የሐሩን ልብስ እንዳይቧጭር የሾለና የወጣ ነገር ሊኖረው አይገባም። በመቀነት ላይ ሲገለባበጥ ስለሚታይ ፊቱም ጀርባውም ታቹም ያለቀ መሆን አለበት። ገመዱ የሚያልፍባቸው ሁለቱ ቀዳዳዎችም ክብደቱ እንዳያዘነብል በልክ መበሳት አለባቸው። ይህን ሕግ የማያውቅ ጠራቢ ያማረ ምስል ሊሠራ ይችላል፤ የሠራው ግን ኔትሱኬ አይሆንም፤ ቤት ያልመታ ቅኔ ነው።

በዚህ መለኪያ ሆደ ሰፊውን በመስኮት ብርሃን ብዙ ጊዜ አገላበጥሁት። እንጨቱ ጃፓኖች ጹጌ የሚሉት ይመስለኛል፤ እንደ ወይራችን ጽኑና ልሙጥ፣ መልኩም ወደ ቢጫ የሚያደላ ነው። ጠራቢው ማራገቢያውን ወጥቶ እንዳይሰበር በደረቱ ላይ አስተኝቶታል፤ እግሮቹን በቀሚሱ ሥር ሰብስቧቸዋል፤ ከረጢቱንም ለሽማግሌው ጀርባ መደገፊያ አድርጎ ሁለቱን አንድ አካል አድርጓቸዋል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ቀዳዳው ነው። የበሳው በከረጢቱ አንገት ላይ ነውና፣ ገመድ ሲገባበት ያው ገመድ የከረጢቱ ማሰሪያ ሆኖ ይታያል። እማማን ክር ለምኜ አስገብቼ አየሁት። አንዱ ገመድ ለባለ ልብሱ ዕቃ ይይዛል፤ ለሽማግሌው ደግሞ አኮፋዳውን ያስራል። በእኛ ትምህርት አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲያዝል ኅብር እንለዋለን፤ ይህ ሰው ኅብርን በቃል ሳይሆን በቀዳዳ ሠራው።

እንዲህ ካመሰገንሁት ጉድለቱንም ልናገር። የሕፃኑ ፊት የሕፃን ፊት አይደለም፤ የሽማግሌውን ፊት አሳንሶ ደግሞታል። በአንድ ቅኔ ውስጥ አንድን ቃል ያለ ምክንያት ሁለት ጊዜ ማግባት የስንፍና ምልክት ነው። በከረጢቱ ላይ የፈለፈላቸው አበቦች እኩል በእኩል ተደርድረዋል፤ እጁ ሠራቸው እንጂ ልቡ አልነበረበትም። የቀሚሱ እጥፋት በፊት ለፊት እንደ ውኃ እየፈሰሰ መጥቶ ትከሻው ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ጀርባው ባዶ ነው። ታቹም በሞረድ ተደልድሎ እንዲቀመጥ ተደርጓል። ጀርባውን ማን ያየዋል ብሎ የተወ ጠራቢ፣ ሥራው በመቀነት ላይ ሳይሆን በመደርደሪያ ላይ እንደሚውል ያወቀ ጠራቢ ነው።

ይህም የልጅ ልጁን ክርክር ይፈታል። ገመድ ለብዙ ዓመታት የተመላለሰበት ቀዳዳ አፉ ይላላል፣ ከንፈሩም ይለሰልሳል። የዚህ ቀዳዳ አፍ ግን ዛሬ የተበሳ ይመስል ስለታም ነው። ከ1868 በኋላ ጃፓኖች ቀስ በቀስ ኮትና ሱሪ ለበሱ፤ ኪስ አገኙ፤ በከረጢት ትምባሆ ፈንታም ሲጋራ ያዙ። ኔትሱኬ ሥራ ፈታ። ጠራቢዎቹ ግን እጃቸው አልፈታምና የውጭ አገር ገዢዎች በሚመጡባቸው ከተሞች ለእነርሱ መሥራት ቀጠሉ። ሆደ ሰፊውም በግምቴ ከእነዚህ አንዱ ነው፤ መቀነት አይቶ አያውቅም። ወጣቱ እንደሚያስበው ያለ ዋጋ አያወጣም አልኋቸው። እርሱ አዘነ፤ አያቱ ግን እፎይ ያሉ መሰለኝ።

ስለ ዋጋ ከተነሣ አንድ ነገር ጨምሬ ልለፍ። ኤድመንድ ደ ዋል የተባለ የእንግሊዝ ሸክላ ሠሪ በ2010 ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ቤተሰቡ 264 ኔትሱኬዎች ተርኳል። ናዚዎች በ1938 በቪየና የቤተሰቡን ሀብት ሁሉ ሲወርሱ፣ አና የተባለች የቤት ሠራተኛ ትንንሾቹን ቅርጾች ጥቂት ጥቂት እያወጣች በፍራሿ ውስጥ ደበቀቻቸው፤ ከጦርነቱም በኋላ ሁሉንም ለባለቤቶቹ መለሰች። ሥዕሉና የቤቱ ዕቃ ሲሄድ እነዚህ የዳኑት ትንሽ ስለ ሆኑ ነው። የቃኘው ወታደርም ከኮሪያ ምድር እስከ ካዛንችስ ይዞት ሊመጣ የሚችለው እንዲህ ያለውን ነው።

ፍርዴን ጨርሼ ልነሣ ስል አንድ ያልገባኝ ነገር ቀረ። ቀዳዳው ስለታም ሆኖ ሳለ ሆዱ ግን እንደ መስተዋት ያበራል። እንጨቱ ከመታሸት ብዛት ቀልቷል፤ በሆዱ ላይ የነበረው የእምብርቱ ጭረት እንኳ ጠፍቷል። በጃፓን ያልተለበሰ ነገር ይህን ልስላሴ ከየት አመጣው? የልጁ ሎተሪ ይህን ያህል ዘመን የለውም።

«ባለቤቴ ናቸው» አሉ እማማ። «ማታ ማታ ሬዲዮ ሲሰሙ በእጃቸው ይዘው በአውራ ጣታቸው ያሹት ነበር። በፊት በፊት ቦርጫሙ ነበር የሚሉት፤ ልጆቹን ለማሳቅ። በ1970 ዓ.ም. የበኩር ልጃችን ከቤት እንደ ወጣ ቀረ። ፈለግነው፤ ሬሳውንም አላገኘነውም። እርሳቸው አላለቀሱም፤ ከማንም ጋራ ስለ ነገሩ አልተነጋገሩም። ከዚያ ወዲህ ነው ሆደ ሰፊው ያሉት።»

ከዋሸራ ጀምሮ በየጉባኤው ስቀኝና ሳስቀኝ ከሠላሳ ዓመት በላይ አሳልፌአለሁ። ለማኝ እንዴት ይወፍራል ብዬ የተውሁትን ጥያቄ ግን አንድ ቅኔ ያልቆጠሩ ወታደር ከእኔ በፊት ፈትተውት ኖሯል። ቦርጭ ሥጋ ብቻ ነው፤ ሆድ ግን በቋንቋችን የሐዘንም የምስጢርም የትዕግሥትም ቤት ነው፤ የሚበዛበትን ሁሉ ችሎ የሚያኖር ሰው ሆደ ሰፊ ይባላል። ጃፓኖችም ቸርና ታጋሽ የሆነውን ሰው ሆዱ ወፍራም ነው እንደሚሉ በኋላ ከመጽሐፍ አገኘሁ፤ ስለ ሆቴይ ሆድም የሚናገሩት ይህንኑ ነው። ጠራቢው ሰሙን ቀረጸ፤ ወርቁን ግን ጃፓንኛ ሳይሰሙ፣ መጽሐፍም ሳያዩ፣ በአውራ ጣታቸው ሲያወጡት የኖሩ እኒያ ወታደር ናቸው። የእንጨቱ የፊት ለፊት ገጽ ያለቀው በካዛንችስ ነው እንጂ በጃፓን አይደለም።

ይህን ሁሉ በዚያ ቤት አልተናገርሁም። አይቃጠል፣ አይሸጥ ብዬ ብቻ ተነሣሁ። የልጅ ልጁ ቀዳዳው ውስጥ የቀረውን ክር ሊያወጣ እጁን ሲዘረጋ አያቱ ከለከሉት። ክሩን ሁለት ጊዜ ዞር ዞር አድርገው በመቀነታቸው ጫፍ አሰሩት፤ ሆደ ሰፊውንም ከመቀነታቸው በላይ አስቀምጠው ሊሸኙኝ እስከ በር ወጡ።